ሲስተሙ «ተፈቅዷል» ይላል

ሰላም፣ ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ። ሀዋሳ ክረምት ላይ እንዲህ ናት።

ዛሬ ስለ ስራዬ ላውራ። የምሰራው አንድ ፋብሪካ ግዢ ክፍል ውስጥ ነው። ስሙ ይቅር። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ግን አይደለም። እዚህ ፋብሪካ ካላችሁ ሰው ሁሉ ፓርኩን ነው የሚያስበው፣ ለዚያ ነው የማነሳው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አለቆቻችን «ከእንግዲህ በወረቀት ግዢ የለም» አሉ። ፕሮፎርማው፣ የግዢ ትዕዛዙ፣ ደረሰኙ፣ ሁሉም በሲስተም። አቅራቢዎቹን ወደ ሲስተሙ የማስገባቱ ስራ ለእኔ ደረሰኝ። ደስ አለኝ። ሶስት ፕሮፎርማ ለመሰብሰብ ከፒያሳ አቶቴ በባጃጅ መዞር ሰልችቶኝ ነበር።

ስልጠና ጠራን። ሰላሳ ምናምን ሰው መጣ። ካርቶን የሚያቀርቡ፣ የጽዳት ዕቃ፣ መለዋወጫ፣ አትክልት። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ጥያቄ ያለው ስንል ጸጥ። በሁለት ሳምንት ምዝገባውን የጨረሰው አምስት ሰው ብቻ ነበር። እኔ ታዲያ ምን አልኩ? «የኛ ሰው ቴክኖሎጂ አይወድም።» አሁን ሳስበው አፍራለሁ። እነዚሁ ሰዎች እኮ ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ገንዘብ በስልክ ሲላላኩ ነው የሚውሉት።

ለካንቲናችን እንጀራ የሚያቀርቡ አንዲት እናት አሉ። እትዬ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ፈቃዳቸውንና ቲን ነምበራቸውን በፌስታል ይዘው ቢሮዬ መጡ። «ልጄ፣ እኔ የማቀርበው እንጀራ ነው ወይስ ወረቀት?» አሉኝ። አብረን ተቀመጥንና ቅጹን መሙላት ጀመርን።

መጀመሪያ ስም። ቅጹ ስምና የቤተሰብ ስም ይላል፣ ሁለት ሳጥን። እትዬ ስማቸው ከነአባትና ከነአያት ነው፤ ባንክ ደብተራቸው ላይም ሶስቱም አለ። ስለዚህ ሲስተሙ የአካውንቱ ስም አይገጥምም አለ። ቀጥሎ ፖስታል ኮድ፣ በቀይ ኮከብ፣ ግዴታ። እትዬ ቤታቸውን የሚያስረዱት «ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ወደ ውስጥ» ብለው ነው። ዜሮ ዜሮ ዜሮ ዜሮ ብለን አለፍን።

ከዚያ ቀኑ። ፈቃዳቸው የሚያገለግለው እስከ ሰኔ 30 ቀን 2014 ነው። እንዳለ አስገባሁት። ሲስተሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ፈቃዱ ካለፈበት ሰባት ዓመት ሆኖታል ብሎ ቆለፋቸው! ሳቅን። ግን ነገሩ ቀኑን በመቀየር ብቻ አያልቅም። ነጋዴው ያለ ቅጣት ፈቃድ የሚያሳድሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ሲስተማችን ደግሞ ሐምሌ 1 ጠዋት በሩን ይዘጋል። ስድስት ወር ሙሉ ሕጉ ጊዜ የሰጠውን ሰው እኛ እንከለክላለን ማለት ነው። ይህን ለአይቲዎቹ ለማስረዳት አንድ ወር ፈጀብኝ። ጳጉሜንማ ባላነሳት ይሻላል።

ዋናው ጉድ ግን ሌላ ነው። ከወር በኋላ የተመዝጋቢው ቁጥር ድንገት ተመነጠቀ። ለአለቃዬ በኩራት ሪፖርት አደረግኩ። ከዚያ ዝርዝሩን ሳይ አስራ አንድ አቅራቢ አንድ ስልክ ቁጥር አለው። ደወልኩ። ያነሳው አንድ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ያለው ልጅ ነው። ኢሜይል ይከፍትላቸዋል፣ ፓስወርድ ያወጣላቸዋል፣ ዋጋ ይሞላላቸዋል፣ የእጁን ይቀበላል። ፓስወርዶቹ በሙሉ አንድ ደብተር ላይ ተጽፈዋል።

ከአስራ አንዱ ሁለቱ ካርቶን ላይ የሚወዳደሩ ሰዎች ናቸው። በወረቀቱ ጊዜ እያንዳንዱ ዋጋውን በታሸገ ፖስታ ያመጣ ነበር። ፖስታው የሚከፈተው ሁሉም ባሉበት ነው፣ ይፈረምበታል። አሁን የሁለቱንም ዋጋ አንድ ልጅ እየተየበ ነው። ግልጽነት ያመጣል ብለን የገዛነው ሲስተም ፖስታውን ቀዶ ለአንድ ሰው አስረከበው። ልጁ ክፋት አልሰራም፣ እኔ እስከማውቀው። እኛ የተውነውን ስራ ነው የሰራው። ደንበኞቹንም ከእኛ በላይ በትዕግስት አስተናግዷል።

ፓስወርዶቹን አስቀየርን። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ስቶሩ በር ላይ ጠረጴዛና ላፕቶፕ አወጣን። ዕቃ ሊያስረክብ የመጣ እዚያው ይመዘገባል፣ ዋጋውን ግን በራሱ ስልክ በራሱ ጣት ይሞላል። የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከውም በራሱ ቁጥር ነው። መልእክቱን ወደ አማርኛ አስቀየርን። ቀስ እያሉ መጡ።

በእውነት የሳባቸው ግን ጠረጴዛው አይመስለኝም። ገንዘቡ ነው። ድሮ አቅራቢ ክፍያው የት እንደደረሰ የሚያውቀው ፋይናንስ በር ላይ ቆሞ ነው። ቼኩ ይፈረም፣ ፈራሚው አዲስ አበባ ይሂድ፣ ማን ያውቃል። የሚከፈልበት ቀን ስልካቸው ላይ መታየት ሲጀምር ያልጠራናቸው ሁሉ መጥተው መዝግቡን አሉ። እኔ ከዚህ ብጀምር ኖሮ ያንን ስልጠና ባልጠራሁ።

እሱም ቢሆን ጣጣ አለው። ሲስተሙ የሚከፍለው ትዕዛዙ፣ የስቶር መረከቢያውና ደረሰኙ ሲገጥሙ ነው። እትዬ 300 እንጀራ ታዘዙ እንበል። ሶስቱ በመንገድ ተቀደዱ፣ ስቶር 297 ብሎ ተረከበ፣ ደረሰኙ 300 ይላል። በሶስት እንጀራ የተነሳ የ297ቱ ክፍያ ይታገታል። በወረቀቱ ጊዜ የስቶሩ ሰውዬ በእስክሪብቶ አስተካክሎ ይፈርምባት ነበር። አሁን ትንሽ ልዩነት እንዲያሳልፍ አድርገነዋል፣ የዕለቱንም ትዕዛዝ ትተን በወር አንድ አደረግነው። ይህን ለማጽደቅ ስንት ስብሰባ እንደተቀመጥን አልነግራችሁም።

ባለፈው ሐሙስ እትዬ ደወሉ።

«ልጄ፣ ሲስተሙ ተፈቅዷል ይላል።»

«አዎ እትዬ፣ ነገ ይገባል።»

ትንሽ ዝም አሉ።

«እሱስ ይበል። አንተ ምን ትላለህ?»

«ነገ ይገባል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ደህና» ብለው ዘጉት።