ሁሉን ያጡ ሰዎች የጠሯት እንስት አምላክ፦ የዱርጋ ማንትራ

«ኦም ዱም ዱርጋያይ ናማሃ።»

ማንትራ እየተደጋገመ የሚባል የጸሎት ቃል ነው፤ ህንድ ውስጥ ይህኛውን በቃሉ የሚወጣው ሂንዱ ብዙ ነው። ለዱርጋ የሚቀርብ ስግደት ነው። ሰው ሲፈራ ይለዋል፣ መንገድ ሲጀምር ይለዋል፣ ጉልበቱ ሲከዳው ይለዋል።

[ምስል፦ ዱርጋ በአንበሳ ላይ]

ዱርጋ ማን ናት? ታሪኳ ያለው «ዴቪ ማሃትምያ» በሚባለው የሳንስክሪት መጽሐፍ ነው፤ 13 ምዕራፍ፣ 700 ስንኝ እየተባለ ይቆጠራል። ማሂሻሱራ የሚባል በጎሽ መልክ የሚመጣ ጋኔን አማልክቱን ከሰማይ ያባርራቸዋል። ቁጣቸው ከየአካላቸው ብርሃን ሆኖ ወጣ፣ ተሰበሰበ፣ ሴት ሆነ። ሺቫ ባለ ሦስት ጫፍ ጦር ሰጣት፣ የሂማላያ ተራራ ደግሞ የምትጋልበውን አንበሳ። ጋኔኑን ገደለችው።

ይሄን ክፍል ሁሉም ያወራዋል። እኔን የሚይዘኝ ግን ብዙዎች የሚዘሉት የመጽሐፉ መግቢያ ነው።

[ምስል፦ ጫካ ውስጥ ያለ የመናኝ ጎጆ]

ሱራታ የሚባል ንጉሥ በጦርነት ይሸነፋል፣ የገዛ ሹማምንቱ ግምጃ ቤቱን ይወስዱበታል፣ ለአደን የሚወጣ መስሎ ብቻውን በፈረስ ጫካ ይገባል። እዚያ ሳማዲ የሚባል ነጋዴ ያገኛል። እሱን ደግሞ ሚስቱና ልጆቹ ለሀብቱ ብለው አባረውታል። የሚገርመው ንጉሡ አሁንም የሚጨነቀው ዝሆኔን ማን ያበላልኛል እያለ ነው፣ ነጋዴው ደግሞ ልጆቼ ደህና ይሆኑ እያለ። የበደሉንን ሰዎች ማሰብ ለምን አልተወንም ብለው ሜዳስ የተባለውን መናኝ ጠየቁት። እሱም የእንስት አምላኳን ታሪክ ነገራቸው።

ሁለቱ ወንዝ ዳር ወርደው በጭቃ ምስሏን ሠሩ፣ ሦስት ዓመት ጸለዩ። ተገለጠችላቸው። ንጉሡ መንግሥቴን መልሺልኝ አለ። ነጋዴው «እኔ» እና «የእኔ» ከሚለው እስር የሚፈታኝን እውቀት ስጪኝ አለ። ለሁለቱም ሰጠቻቸው፣ ንጉሡንም ዓለማዊ ነገር ለመንክ ብላ አልነቀፈችውም። ስለዚህም፣ ማንትራ የውስጥ ሰላም ብቻ ነው የሚሉትም፣ የጎደለን ለመሙላት ብቻ ነው የሚሉትም ግማሹን ነው የያዙት ብዬ አምናለሁ።

[ምስል፦ መቁጠሪያ የያዘ ቀኝ እጅ]

ማንትራው እንዴት ይባላል? መቁጠሪያው «ማላ» ይባላል፣ 108 ፍሬ አለው። በቀኝ እጅ ይያዛል፣ ፍሬው በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ይንቀሳቀሳል፣ አመልካች ጣት አይነካውም። ትልቋ ፍሬ ላይ ሲደረስ አይታለፍም፤ ዞሮ መመለስ ነው። ጮክ ብሎ ማለት ይቻላል፣ በሹክሹክታም፣ በልብም። በልብ የሚባለው ከሁሉ ይበልጣል ይላሉ፣ ግን ከባዱም እሱ ነው፤ አፍ ዝም ሲል ሐሳብ ይሮጣል። ጀማሪ ከሆናችሁ ድምፅ አውጡ።

ጥበቃ ለሚሹ ደግሞ «ካቫች» የሚባል ጸሎት አለ፣ ትርጉሙ ጥሩር ማለት ነው። የሰውነት ክፍሎች አንድ በአንድ ይጠራሉ፣ እያንዳንዱም ለአንዷ የእንስት አምላኳ መልክ በአደራ ይሰጣል፦ ምላስ ለሳራስዋቲ፣ ጥርስ ለካውማሪ፣ ጉሮሮ ለቻንዲካ። በፍርሃት የተንቀጠቀጠ ሰው ሰውነቱን እንዲህ ቀስ ብሎ ሲጠራ ትንፋሹም አብሮ ይረጋጋል።

ዋናው ጊዜ ናቫራትሪ ነው፤ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ የሚውሉት ዘጠኝ ሌሊቶች። በኮልካታ በዚሁ ሰሞን የሚከበረውን የዱርጋ በዓል ዩኔስኮ በ2021 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። እዚያ ምስሏ ዛሬም ከጭቃ ይሠራል፣ በበዓሉ መጨረሻም ወንዝ ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ኦም አይም ህሪም ክሊም ቻሙንዳያይ ቪቼ» የሚለውን ሌላውን ማንትራዋን ኢንተርኔት ላይ ታገኙት ይሆናል። እሱን ከመምህር አፍ ተቀበሉ ነው የሚባለው። ስሟን ብቻ ለመጥራት ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።