የኦርክኒ ገበሬዎች ዕድሜ እንዴት ታወቀ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከስኮትላንድ በስተሰሜን ስላሉት የኦርክኒ ደሴቶች ካወራን ወዲህ ብዙ ጥያቄ መጥቷል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እዚያ ያለው ስካራ ብሬ የሚባለው ጥንታዊ መንደር ሙሉ በሙሉ ከድንጋይ ነው ብላችኋል። ታዲያ ድንጋዩን ለምን አይመረምሩትም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድንጋዩ የሚነግርህ ዐለቱ የተፈጠረበትን ዘመን ነው፤ ያ ደግሞ በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ነው የሚቆጠረው። የሚጠቅመን ኖሮ የሞተ ነገር ነው፦ የበግ አጥንት፣ ያረረ ገብስ። እንስሳም ተክልም ሲሞት ካርቦን 14 የሚባለውን፣ ቀስ በቀስ እየፈረሰ የሚጠፋ የካርቦን ዓይነት መውሰድ ያቆማል፣ የያዘውም በየ5730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። የቀረውን መለካት ነው።

ጥያቄ፦ መንደሩ የብረት ዘመን፣ ማለትም የብረት መሣሪያ የተለመደበት የኋለኛው ዘመን ነው የሚል አንብቤ ነበር። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ ያነበብሽው የድሮውን ነው። በ1850 ኃይለኛ አውሎ ነፋስ አሸዋውን ገፎ ቤቶቹን አወጣቸው፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ የጥንት ቅሪት ተመራማሪው ጎርደን ቻይልድ ቆፈረና ለብረት ዘመን ሰጠው። አይፈረድበትም፣ ራዲዮካርቦን የሚባል ነገር፣ ያ በካርቦን 14 ዕድሜ መለካት፣ ገና አልነበረም። በ1970ዎቹ እንደገና ተቆፍሮ ናሙናው ሲለካ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 3100 አካባቢ ሄደ፤ ከጊዛ ፒራሚዶች በፊት ማለት ነው! ፓፓ ዌስትሬይ በተባለችው የኦርክኒ ደሴት ላይ ያለው ጥንታዊ የገበሬ ቤት፣ ናፕ ኦቭ ሃዋርም የብረት ዘመን ተብሎ ነበር፤ እሱማ ጭራሽ ከስካራ ብሬም ቀደም ይላል።

ጥያቄ፦ የተገኘው ሁሉ እኩል ይታመናል?

መልስ፦ በፍጹም፤ ዋናው ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ኦርክኒ ዛፍ የላትም ማለት ይቻላል፤ መደብና መደርደሪያው ሳይቀር ድንጋይ የሆነው ለዚህ ነው። ሰዎቹ ባሕር ያመጣውን እንጨት ይጠቀሙ ነበር፣ ግንዱ ደግሞ እሳት ውስጥ ከመግባቱ ብዙ ዓመት በፊት የሞተ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከሰሉን ስትለኩ የምታገኙት የዛፉን ዕድሜ እንጂ የምድጃውን አይደለም። ባሕሩ ራሱም ያሳስታል። አሮጌ ካርቦን ስላለው ዓሣ በልቶ ያደገ አካል በመቶዎች ዓመታት አርጅቶ ይታያል። ኖርዝ ሮናልድሴይ በተባለችው የኦርክኒ ደሴት ላይ ዛሬም የባሕር አረም የሚግጡ በጎች ስላሉ የበግ አጥንትም ዝም ብሎ አይታመንም። እኔን ብትጠይቁኝ ገብስ ይሻላል። በአንድ ክረምት በቅሎ ታጭዶ የተበላ ነው፣ ለዛሬው መለኪያ መሣሪያም አንዲት ፍሬ ትበቃለች።

ጥያቄ፦ ትክክለኛውን ዓመት ይሰጣል?

መልስ፦ አይሰጥም፣ ውጤቱ ከዚህ እስከዚህ ነው የሚለው። ዓመታቸው አንድ በአንድ በተቆጠረ የዛፍ ግንድ ቀለበቶች ልኬት ይታረማል፤ ከልደት በፊት ከ3300 እስከ 3000 ባለው ጊዜ ግን የማረሚያው መስመር ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ማለትም የተለያዩ ዓመታት ተቀራራቢ ልኬት ስለሚሰጡ፣ ሁለት መቶ ዓመት የሚራራቁ ቤቶች እኩያ ሊመስሉ ይችላሉ። ያኔ የትኛው ወለል ከየትኛው በላይ እንደተገኘ ከቁፋሮው መዝገብ ታይቶ ስሌቱ ይጠብባል።