ዋጋው ላይ የተጣላነው ስለ ዋጋው አልነበረም

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ቤት ለመሸጥ እያሰባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ወዳችሁ አይደለም። የትዳር ጓደኛ አርፏል። ወይም ትዳር ፈርሷል። ልጆች ወጥተው ቤቱ ባዶ ሆኗል። ወይ ደግሞ ሥራ ቆሞ የወሩ የባንክ ክፍያ አልገፋ ብሏል። በዚህ ሁሉ ላይ ኑሮው ራሱ ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም። ወለድ ይጨምራል፣ ዋጋ ይዋዥቃል፣ ገዢ ይጠፋል።

ስለ ገበያው የማውቀውን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን በእኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ።

አባታችን ካረፈ ዓመት ሆኖት ነበር። እናታችን በዚያ ትልቅ ቤት ብቻዋን ቀርታለች። መኝታ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበቷ ደግሞ ደረጃ አልወጣ ብሏታል። ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፋ ትተኛ ነበር። አራት ልጆች ነን፤ አራታችንም ርቀን ነው የምንኖረው። ይሸጥ ተባባልን። እሷም «ይሸጥ» አለች። መሸጡን የተቃወመ ሰው አልነበረም። የተጣላነው ዋጋው ላይ ነው።

ደላላው ግምቱን ሲነግረን የታላቅ ወንድሜ ፊት ተለዋወጠ። «በዚህ ዋጋማ አይሸጥም» አለ። እህቴ ገበያው ሳይብስ ቶሎ እንገላገል አለች። ትንሹ ወንድማችን ስልክ ማንሳት ተወ። እኔ ካልኩሌተር ይዤ ላስታርቃቸው ሞከርኩ። በመጨረሻ ቤቱ ታላቅ ወንድሜ ባለው ዋጋ ገበያ ላይ ወጣ።

ሰባት ወር ቆየ። መጀመሪያ ሰሞን የሚያይ ሰው ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ቀረ። ሁለቴ ቀነስን። ግን ቤት ገበያ ላይ ከሰነበተ በኋላ ዋጋ ሲቀንስ ገዢው አይደሰትም፣ ይጠራጠራል። «ይሄ ቤት ምን ቢኖረው ነው እስካሁን ያልተሸጠው?» ይላል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንድ ምሽት እናታችን ዘንድ ተሰብስበን ስንጨቃጨቅ ዝም ብላ ስትሰማን ቆየች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አባታችሁ ስንት ያወጣል ብላችሁ ነው የምትከራከሩት?»

ሁላችንም ዝም አልን። ታላቅ ወንድሜ አለቀሰ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ አባታችን የዚያን ቤት ኤሌክትሪክ ሲዘረጋ ባትሪ ይዞ የሚያበራለት እሱ ነበር። ደላላው ቁጥሩን ሲጠራ ወንድሜ የሰማው የእነዚያን ምሽቶች ዋጋ ነው። ትንሹ ወንድማችን ደግሞ አባታችን ሲያርፍ አልደረሰም። ቤቱም ከሄደ ከዚህ በኋላ የት እንደሚደርስ ጨነቀው። ስልክ የማያነሳው ለዚያ ነበር።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው። ቤተሰብ ተለውጦ ቤት ሲሸጥ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጉዳይ ነው የሚቀመጠው። አንዱ ሐዘን ነው፣ ሌላው ሒሳብ። ካልለየናቸው ሐዘኑ በሒሳቡ አፍ ይናገራል። የሚናገረው ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 ቶማስ ሆልምስ እና ሪቻርድ ራሄ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች 43 የሕይወት ለውጦችን ወስደው እያንዳንዱ ሰውን ምን ያህል እንደሚያናውጥ በነጥብ አስቀመጡ። የትዳር ጓደኛ ሞት 100። ፍቺ 73። የገንዘብ አቅም መለወጥ 38። ልጅ ከቤት መውጣት 29። መኖሪያ መቀየር ግን 20 ብቻ። ይህን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ቤት መቀየር ብቻውን ቢመጣ ይቻል ነበር። የሚከብደው ሌላው ላይ ተደርቦ ሲመጣ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ገቢዋ የቀነሰና ቤት የምትቀይር ሴት 158 ነጥብ ተሸክማ ነው የሽያጭ ውል ላይ የምትፈርመው። ከፊቷ የተቀመጠው ገዢ ግን የሚያየው እስክሪብቶ የያዘ እጅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ሥራ ሰውን ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ነገር አብልጦ እንደሚከብደው አሳዩ። በኋላ ሲለኩት እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኙት። ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች፣ ዴቪድ ጀነሶቭ እና ክሪስቶፈር ሜየር፣ ይህንኑ ነገር ቤት ሻጮች ላይ አዩት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካዋ ከተማ ቦስተን ውስጥ የተሸጡ አፓርታማዎችን መረመሩ። ከገዙበት ባነሰ ዋጋ ለመሸጥ የተገደዱት ሰዎች ከሌሎቹ ከፍ ያለ ዋጋ ይጠሩ ነበር። እርግጥ አንዳንዶቹ ትንሽ ጨመር ያለ ገንዘብ አግኝተዋል። ግን ቤታቸው ገበያ ላይ ከሌሎቹ የበለጠ ቆየ። እልኸኞች ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ። የገዙበት ቁጥር ከአእምሯቸው አልወጣ ስላለ ነው። ገዢው ግን እናንተ በስንት እንደገዛችሁት ጉዳዩ አይደለም። ስንት ዓመት እንደለፋችሁበትም አያውቅም።

ገዢውን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ 3 በመቶ ገደማ ነበር። በ2023 ወደ 8 በመቶ ተጠግቶ ታይቷል። 7 በመቶን ብቻ ወስደን እናስላው። በየትኛውም ገንዘብ 100 ሺህ ተበድሮ በ30 ዓመት የሚከፍል ሰው፣ ወለዱ 3 በመቶ ሲሆን በወር 422 ገደማ ይከፍላል። 7 በመቶ ሲሆን 665። ቤቱ ያው ነው፣ ብድሩ ያው ነው፣ የወሩ ክፍያ ግን ከግማሽ በላይ ጨመረ። ስለዚህ ገዢ ሲያመነታ ቤታችሁን የናቀባችሁ አይምሰላችሁ። አቅሙ አጥሮ ነው።

«እንጠብቅ፣ ይሻሻል ይሆናል» የሚል ሰው በየቤተሰቡ አለ። ሊሳካ ይችላል። ግን መጠበቅም ዋጋ አለው። የኑሮ ውድነቱ በዓመት 10 በመቶ ቢሆንና ከሁለት ዓመት በኋላ ቤቱን መጀመሪያ በተባለው ዋጋ ብትሸጡት፣ ቁጥሩ አልቀነሰም፤ ገንዘቡ የሚገዛው ነገር ግን 17 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በዚያ ላይ የሁለት ዓመት ወለድ፣ ግብርና ጥገና ደምሩበት። ባዶ ቤት ደግሞ ቶሎ ያረጃል።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሸጣችሁ እዚያው ገበያ ውስጥ ሌላ ቤት የምትገዙ ከሆነ፣ የምትገዙትም ረክሷል። በሽያጩ ያጣችሁት ቢያንስ በከፊል በግዢው ይካካሳል። ከትንሽ ወደ ትልቅ ለሚሄድማ የወረደ ገበያ ይጠቅማል። ይበልጥ የሚጎዳው ሸጦ ከገበያው ጨርሶ የሚወጣው ነው፤ ወይም ዕዳው ከቤቱ ዋጋ የበለጠበት። እንዲህ ያለ ሰው ክፍያ ማቋረጥ ከመጀመሩ በፊት ባንኩ ዘንድ ሄዶ ይነጋገር። በኋላ ከሚሄድ ሰው ይልቅ ቀድሞ ለሚሄድ ሰው አማራጭ ይኖረዋል።

እየተፋታችሁ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ሲጎዳበት አይቻለሁ። ከቤቱ መውጣት ከብድሩ መውጣት ማለት አይደለም። «ቤቱን እሷ ትውሰድ፣ ዕዳውንም እሷ ትክፈል» ብላችሁ ብትስማሙ እንኳ፣ ባንኩ የሚያውቀው የብድር ውሉ ላይ የፈረመውን ነው። ስማችሁ ከብድሩ ላይ በጽሑፍ ካልተነሳ፣ ከዓመታት በኋላም ዕዳው በእናንተ ስም ሊመጣ ይችላል። ስለ ልጆቹም፦ ቤቱ እንደሚሸጥ ከእናንተ አፍ ይስሙት። የማያውቁት ሰው መጥቶ መኝታ ቤታቸውን ሲለካ አይወቁት።

ወደ እኛ ቤት ልመለስ። ከዚያ ምሽት በኋላ እህቴ አንድ ሐሳብ አመጣች። ቅዳሜ ሁላችንም እንገናኝ፣ ስለ ገንዘብ ግን አንድ ቃል አናንሳ አለች። ተገናኘን። ክፍል በክፍል እየዞርን ዋልን። ታላቅ ወንድሜ ከግድግዳው ውስጥ ሽቦው በየት በየት እንደሚያልፍ በጣቱ እየተከተለ አሳየን። ሁሉንም ያስታውሳል። ትንሹ ወንድማችን አባታችን ያረፈበት ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ብዙ ቆየ። ማንም አላንኳኳበትም።

እሑድ ጠዋት ወረቀት አወጣን። ከዚህ በታች አንሸጥም የምንለውን ዋጋ ጻፍን፤ እስከ መቼ እንደምንጠብቅም ጻፍን። ደላላውን የምታነጋግረው እህቴ ብቻ እንድትሆን ተስማማን። አራታችንም ፈረምን፣ እናታችንም ፈረመች። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። ሰባት ወር ያቃተን ነገር ነው። ዋጋው ታላቅ ወንድሜ መጀመሪያ ካለው ያነሰ ነበር። ብዕሩን አንስቶ መጀመሪያ የፈረመው ግን እሱ ነው።

በአምስት ሳምንቱ ተሸጠ። የገዛችው አንዲት ወጣት እናት ናት።

የርክክቡ ቀን እናታችን ቤቱን እያዞረች አሳየቻት። የጓሮው በር ያስቸግራል። እንጨቱ ስላበጠ ቁልፉ ቢዞርም አይከፈትም። ዘዴውን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ልጅቷ ሞከረች፣ እምቢ አላት። እንደገና ሞከረች።

«እንደሱ አይደለም ልጄ» አለች እናቴ። «መጀመሪያ በእጀታው ወደ ላይ ከፍ አድርጊው። አዎ፣ እንደሱ። አሁን በትከሻሽ ገፋ አድርጊው።»

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ቁልፉን ነቅላ «ይኸው እማማ» ብላ መልሳ ዘረጋችላት።

እናቴ እጇን ወደ ኋላ አደረገች። «ያዢው» አለቻት።

አመሰግናለሁ።