የጀልባ ሳጥንና የእናቴ አገልግል

[ምስል፦ ማለዳ፣ የባሕር ዳር የጣና ዳርቻ። አምስት ሜትር የምትሆን ጀልባ በገመድ ታስራ ትንሳፈፋለች።]

የመጀመሪያውን የጀልባ ሳጥኔን ላወርድ ብድግ ሳደርገው ጎኖቹ በእጄ መጡ፣ ወለሉ ጀልባው ውስጥ ቀረ። ወለሉ ላይ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሁለት የሞተር ካንዴላና ለዘጌ ዘመድ ልናደርስ የያዝነው ግማሽ ኪሎ በርበሬ አብረው ተዘርግተዋል። በርበሬው ረጥቦ ካንዴላዎቹን ቀብቷቸዋል። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ሳጥኑን ያሠራሁት ሚያዝያ ላይ ነው። ቫርኒሹ ገና ያብረቀርቅ ነበር፤ ጓጉንቸሩም እንደ ተቆለፈ ነው።

ስብርባሪውን ተሸክሜ አንድ አዛውንት አናጢ ዘንድ ሄድኩ። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ፈረፈሩትና ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ይህ እኮ የቡፌ እንጨት ነው። ሳሎን ተቀምጦ ብርጭቆ የሚይዝ። ጣና ላይ ምን ሊሠራ ወሰድኸው?»

ቺፕውድ ነበር። የተፈጨ እንጨት በኮላ ተለውሶ የተጨመቀ ማለት ነው። ውኃ ሲያገኝ እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ቢደርቅም ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ይፈረፈራል እንጂ። ከዚያ ወዲህ አምስት ሳጥን ሠርቻለሁ፣ ሦስቱ ዛሬም ያገለግላሉ። ዛሬ የማሳያችሁ እነሱን ነው።

[ምስል፦ ዳርቻው ላይ የተነጠፈ ሸራ፤ የጀልባው ዕቃ ሁሉ ተደርድሮበታል።]

መጋዝ ከማንሣታችሁ በፊት ጀልባ ላይ የምትጭኑትን ሁሉ አውጥታችሁ ሸራ ላይ ዘርጉት። እኔ ይህን ሳደርግ ያየሁት ነገር አስገርሞኛል፤ በእርግጥ ደረቅ መሆን የነበረበት ዕቃ ከሩብ አይበልጥም ነበር። ስልክ፣ ወረቀት፣ ካንዴላ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ምሳ። በቃ። ገመዱ፣ መልሕቁ፣ ባልዲው፣ መረቡ ቢረጥቡ ምንም አይሆኑም፤ እንዳይንከባለሉና እግር እንዳይጠልፉ ብቻ ነው የሚፈለገው። ሁሉንም አንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ የሚከት ሰው እርጥቡን ገመድ ከስልኩ ጋር ዘግቶበት ይሄዳል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ አንድ ትልቅ ሳጥን አትሥሩ፤ ሁለት ትንንሽ ሥሩ፣ አንዱ ለደረቅ፣ አንዱ ለእርጥብ። ትንሹን ሳጥን ሞልቶም ቢሆን አንድ ሰው ብቻውን ያወርደዋል።

ጣና ላይ ውኃ ሳጥንን የሚያገኘው በሁለት በኩል ነው። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። እንዲህ ያለ ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ አጭርና ድርድር ይሆናል፤ ጀልባዋን ቀስ አድርጎ ከማንሣት ይልቅ በጎን እየጠፈጠፈ ይረጫታል። ይህ ከላይ የሚመጣው ነው። ከታች ደግሞ በእግራችንና በዝናብ የገባው ውኃ ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ክዳኑን ብቻ አጥብቆ የሚሠራ አናጢ የላይኛውን ውኃ ይከለክላል፣ የታችኛውን ይረሳል። የእኔም ሳጥን የሞተው ከሥሩ ነው።

[ምስል፦ አገልግል በቅርብ። እጅ ክዳኑን ቀስ ብሎ ያነሣል።]

ይህች የእናቴ አገልግል ናት። ከሠላሳ ዓመት በላይ በበቅሎም፣ በአውቶቡስም፣ በጀልባም ተጉዛለች። ሳጥን ልሠራ ስነሣ ደጋግሜ ያየሁት እሷን ነው። ክዳኗን ተመልከቱ፤ አፏ ላይ አይደለም የሚያርፈው፣ ከአፏ ሰፋ ብሎ በውጭ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ዝናብ ቢመታት ውኃው በቆዳው ላይ ተንሸራቶ መሬት ይወርዳል እንጂ ወደ እንጀራው መግቢያ አያገኝም። ጠፍሯንም እዩት። ክዳኑ ላይ አልተሰፋም፤ ከሥር ተነሥቶ በጎን ወጥቶ ክዳኑን አልፎ ይታሰራል። ስትሸከሟት ክብደቱን የሚይዘው መቀመጫዋ ነው። የእኔ ቺፕውድ ሳጥን ግን መያዣዎቹ ጎኑ ላይ ነበሩ፤ ወለሉ በስድስት ሚስማር ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። ታዲያ ምን ይሁን!

ወደ ሥራው እንግባ። ልኬ 60 በ40 በ30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 72 ሊትር ይይዛል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ውኃ ቢሞላው 72 ኪሎ ጀልባችሁ ላይ ተጫነ ማለት ነው። አጥብቃችሁ ዘግታችሁት ባዶ ከሆነ ደግሞ ያው 72 ሊትር አየር ለጀልባዋ የመንሳፈፊያ አጋዥ ይሆናል፤ ከጀልባው ጋር በደንብ እስከታሰረ ድረስ።

እንጨቱ ኮምፔንሳቶ ይሁን፣ ማለትም ስስ የእንጨት ንብርብር በኮላ ተጣብቆ የተሠራው፤ ውፍረቱ 9 ወይም 12 ሚሊ ሜትር። 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ከሆነው አንዱ ጣውላ ሁለት ሳጥን ይወጣል። ግን ኮምፔንሳቶ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ ያለው ንብርብሩን በያዘው ኮላ ላይ ነው። ሻጩን አትጠይቁ፣ ሁሉም «የውኃ ነው» ይላል። መዳፍ የምታህል ቁራጭ ለምናችሁ ውሰዱ፤ ቤት ገብታችሁ ድስት ውስጥ አንድ ሰዓት ቀቅሏት። ንብርብሯ እንደ መጽሐፍ ከተገለጠ ሱቁን ቀይሩ።

[ምስል፦ የተቀቀለች ቁራጭ ኮምፔንሳቶ፤ አንዷ ተላጣለች፣ ሌላዋ እንዳለች ናት።]

ለማዕዘኖቹ በውስጥ በኩል 3 በ3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዘንግ ያስፈልጋል። እኔ ዋንዛ እመርጣለሁ፤ ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ እንደ ባሕር ዛፍ አይሰነጠቅም። አዲስ ግንድ መግዛት አያስፈልግም፤ አልጋና ወንበር ከሚሠራ አናጢ ደጅ የሚወድቀው ቁርጥራጭ ይበቃል። ወለሉ በጎኖቹ መካከል ገብቶ በሚስማር የተያዘ አይሁን። ጎኖቹ በወለሉ ላይ ይቁሙ፤ በኮላና በብሎን ከሥር ወደ ላይ ይታሰሩ። ብሎኑም ማጠፊያውም ዚንክ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። ጣና ጨው ስለሌለው እንደ ቀይ ባሕር ብረት አይበላም፤ ተራ ሚስማር ግን እዚህም ይዝጋል።

የምትቀቡትም ነገር ላይ ትዕግሥት ይኑራችሁ። ሰው ፊቱን ሦስት ጊዜ ይቀባና ጠርዙን አንድ ጊዜ ዳሰስ አድርጎ ያልፈዋል። የኮምፔንሳቶ ጠርዝ ግን አፉ ነው፤ የሚጠጣው በዚያ ነው። ጠርዙን መጀመሪያ በቀጠነ የዘይት ቀለም አጠጡት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ ከዚያ ወፍራሙን ሁለት ጊዜ ድገሙበት። ለብሎን የበሳችሁትን ቀዳዳም ውስጡን ቀለም አጠጡት። የላዩ ቀለም ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ይሁን፤ ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ አትምርም፤ ጥቁር ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ስልክ እኩለ ቀን ላይ ለመያዝ ያቃጥላል።

[ምስል፦ እጅ የመኪና ካላማዳሪያ በመቀስ ሲቆርጥ።]

ለክዳኑ ማሸጊያ የሚሆነው አሮጌ ካላማዳሪያ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቀጭን ጥብጣብ ቁረጡትና በሳጥኑ አፍ ዙሪያ ለጥፉት። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ስትለጥፉት አትወጥሩት፤ የተወጠረ ጎማ በሳምንቱ ይሰበሰብና ማዕዘኑ ላይ ክፍት ይተዋል። ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበት ቦታም ማዕዘን ላይ ሳይሆን የጎኑ መሐል ላይ ይሁን። ክዳኑ እንደ አገልግሏ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች የሚወርድ ከንፈር ይኑረው። መቀርቀሪያውም ሁለት ይሁን፣ ግራና ቀኝ። መሐል ላይ አንድ ብቻ ካደረጋችሁ እንጨቱ ፀሐይ ሲመታው ይቆለመምና ሁለቱ ማዕዘኖች ቀና ይላሉ።

የደረቁ ሳጥን ወለሉ አይበሳም። የእርጥቡ ግን ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ሁለት ይኑረው፣ ወደ ጀልባው ኋላ ባለው በኩል፤ ጀልባ ኋላዋ ዝቅ ስለሚል ውኃው ወደዚያ ይወርዳል። ከሁለቱም ሥር ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሁለት እግሮች ምቱ። የእግሮቹ አቅጣጫ ከጀልባው ፊት ወደ ኋላ ይሁን፤ አግድም ከመታችኋቸው የወለሉን ውኃ እንደ ግድብ ይዘው ያስቀሩታል። እኔ አንዴ አግድም መትቼ ሳጥኑን ገልብጬ እንደገና ነቅያለሁ።

ሙከራው ቀላል ነው። ሳጥኑ ውስጥ ጋዜጣ አንጥፉ፣ ዝጉ፣ አምስት ባልዲ ውኃ ከየአቅጣጫው ድፉበት። ከፍታችሁ ጋዜጣውን አንብቡት፤ ርጥበቱ ያለበት ቦታ ጎማው የት እንደ ከዳችሁ ይነግራችኋል።

መሥራት የማይፈልግ ይግዛ። ባለ ሰፊ አፍ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል፣ ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚዘጋ ከሆነ፣ ከማንኛውም የእንጨት ሳጥን የተሻለ ደረቅ ነው። ችግሩ ክብ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ጎድጎድ ያለ የእንጨት መቀመጫ ይፈልጋል። ቀድሞ ምን እንደ ነበረበት ሳታውቁ ምግብ አታስገቡበት። ስስ የልብስ ፕላስቲክ ሳጥን ግን ተዉት። ማዕዘኑን በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ ከነጣ በሁለተኛው በጋ ይሰነጠቃል።

[ምስል፦ ጀልባዋ ከጎን፤ ኋላዋ ጠልቆ አፍንጫዋ ሰማይ ያያል።]

ይህን አቀማመጥ ስንቱ ጀልባ ላይ አይቼዋለሁ። 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 40 ኪሎ ገደማ ነው። 20 ሊትር ቤንዚን 15 ኪሎ። ነጂው 70። ሁሉም ኋላ ናቸው። ሳጥኑም እዚያው ከታከለ ከኋላ የሚመጣ ማዕበል ሳይጋበዝ ይገባል። ከባዱ ሳጥን መሐል፣ ከመካከለኛው መቀመጫ ሥር፣ ወለል ላይ ይቀመጥ። መልሕቅና ገመድ የያዘው ወደ ፊት ይሂድ። ሳጥኑን መቀመጫም ላደርገው ካላችሁ ከጀልባው መቀመጫ ከፍታ አታሳልፉት፤ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ጀልባን ያወዛውዛል። ሁሉን ጭናችሁ፣ ሰዎቹም ተቀምጠው፣ አንድ ሰው ዳር ወርዶ የውኃውን መስመር ይመልከት። ለማሰሪያ ብላችሁ የጀልባውን ወለል አትብሱ። ገመዱ ከሳጥኑ ሥር ዞሮ ከመቀመጫው እግር ጋር ይታሰር፣ እንደ ጠፍሯ።

ቤንዚን ሳጥን ውስጥ አይገባም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ሳጥኑ ሥር ይጋደማል፤ ክዳኑን የከፈተ ሰው ምንም ላይሸተው ይችላል። ጀሪካኑ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ፣ ጥላ ላይ፣ ለብቻው ይታሰር። የመኪና ባትሪ ግን ሳጥን ይፈልጋል፤ የሚያወጣው ጋዝ ከአየር ስለሚቀል መተንፈሻው ከላይ በኩል ይሁን። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ጋር እኔ አልሳፈርም።

ዓሣ ለምትይዙ አንድ ቃል። የሞተ ፍሪጅ ሣጥኑ ጥሩ ማቀዝቀዣ ይሆናል፣ ለአምስት ሜትር ጀልባ ግን ይከብዳል። በኮምፔንሳቶው ሳጥን ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ፎም ደርድሩና ውስጡን በቀላሉ በሚታጠብ ነገር ልበጡት። ቆሮሶውም አምባዛውም በኪሎው አንድ ኪሎ በረዶ ይፈልጋል። የቀለጠው ውኃ ዓሣው ላይ እንዳይቆም ከሥሩ ርብራብ አድርጉለት። ነጩን የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም የምትጠቀሙ ቤንዚን እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ እንደ ስኳር ያቀልጠዋል።

የሕይወት አድን ጃኬት በየትኛውም ሳጥን ውስጥ አይቆለፍም። አንድ ጊዜ ተሳፍሬ ወደ ገዳማቱ ስሄድ ጃኬቱ ሁሉ በጓጉንቸር ተቆልፎ፣ ቁልፉ ዳር ከቀረው ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። «እንዳይሰረቅ ብለን ነው ጌታዬ» አሉኝ።

[ምስል፦ ማምሻ። ዳርቻው ላይ አንድ ታንኳ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይደርቃል፤ አጠገቡ ክዳኑ የተከፈተ ሳጥን።]

የደንገል ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ሥራ ሲያበቁ ታንኳውን አውጥተው አቁመው ያደርቁታል፤ ደንገል ውኃ እንደሚጠጣ ያውቃሉ። ሳጥንም እንደዚያው ነው። ቀን የሞቀው አየር ማታ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ውስጥ ላብ ይሠራል፣ ምንም ውኃ ባይገባ እንኳ። ስለዚህ ቤት ስደርስ ክዳኑን በአንዲት ቁራጭ እንጨት ደግፌ ከፍቼው አድራለሁ። በርበሬው ግን ከካንዴላ ጋር ሁለተኛ አልተጫነም፤ ባለቤቴ አልፈቀደችም።