ውሃ የተረጨ ዛላ ሰርተፊኬት አያገኝም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከቡሬ፣ ከወምበርማና ከጃቢ ጠህናን የመጣችሁ በርበሬ አምራቾች፣ ሰብሳቢዎችና የወፍጮ ባለቤቶች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬው ዋና አጀንዳችን የምግብ ደኅንነት ሰርተፊኬት ነው። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ወረቀቱ የት እንደሚወጣና ስንት እንደሚያስከፍል ነው። እሱም ይነገራል። ነገር ግን ወረቀቱ የሚመሰክረው ዛላው ከተለቀመ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት የሆነውን ነው። ያኔ የተበላሸውን ላኪም ላብራቶሪም አያቃናውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የአውሮፓ ኅብረት ለደረቅ በርበሬ ያስቀመጠው ጣሪያ፣ አፍላቶክሲን ከተባለው የሻጋታ መርዝ ቢ1 ለሚባለው ዓይነት በኪሎ 5 ማይክሮግራም፣ በጠቅላላ አፍላቶክሲን ደግሞ 10 ማይክሮግራም ነው። ኦክራቶክሲን ኤ ለተባለው ሌላ የሻጋታ መርዝ 20 ነው። የአሜሪካው መጠን በጠቅላላ አፍላቶክሲን 20 ስለሆነ ላላ ይላል። አፍላቶክሲንን የሚያመነጨው አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ ነው። መርዙ ሙቀት ስለሚቋቋም ማመስም ሆነ መፍጨት አያጠፋውም። ሻጋታው ጠፍቶ መርዙ ሊቀር ስለሚችልም በዓይን አይቶ «ንጹሕ ነው» ማለት አይቻልም።

ችግሩ የሚጀምረው ከክምሩ ነው። ዛላው እኩል እንዲቀላ ተብሎ ትኩሱ ለቀናት ተከምሮ ሲቆይ መሐሉ ይሞቃል፣ ያልባል። ሻጋታ ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኝም። በማሳው ላይ በደንብ የቀላውን ብቻ በዙር መልቀም የክምሩን ምክንያት ያስቀራል። ቀጥሎ ማድረቂያው አለ። በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ ዛላ ከአፈሩ እርጥበትና ሻጋታ፣ ከዶሮውና ከከብቱ ደግሞ ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ያነሳል። ገዢው በ25 ግራም ውስጥ ሳልሞኔላ ጨርሶ እንዳይገኝ ይጠይቃል፤ ፀሐይ ደግሞ አትገድለውም። እንደ ቡናው አልጋ ከመሬት ከፍ ያለ ማድረቂያ ሠርቶ በስሱ ማስጣት፣ በቀን ደጋግሞ ማገላበጥ፣ የኅዳር ጤዛ ሳይወርድ ከ10 ሰዓት ጀምሮ በሸራ መሸፈን ያስፈልጋል። ሸራው ግን ጠዋት ጤዛው ሲተን ይነሣ፤ ፀሐይ ላይ ተሸፍኖ የዋለ ዛላ ይታፈናል።

ደረቀ የሚባለው እርጥበቱ ከ11 በመቶ ሲያንስ ነው። የበቆሎ እርጥበት መለኪያ ለዛላ አልተስተካከለምና በእሱ አትመኑ። ዛላውን ሲወዘውዙት ፍሬው መንኳኳቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ ቢሆንም ጭራው የተያያዘበት አንገቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርቀው። የሚሻለው ትንሽ ሃይግሮሜትር፣ ማለትም የአየር እርጥበት መለኪያ፣ ከዛላው ጋር አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ውስጥ አስሮ ጥላ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰዓት ማቆየት ነው። ከ65 በመቶ በላይ ካነበበ ወደ ማድረቂያው ይመለስ።

አሁን ማንም በግልጽ ወደማያወራው እንምጣ። ዛላው ጆንያ ሲገባ እንዳይሰባበር፣ ሚዛንም እንዲያነሣ ውሃ ይረጫል። ሒሳቡን አብረን እንየው። 10 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል 90 ኪሎ ደረቅ ነገርና 10 ኪሎ ውሃ ነው። 5 ኪሎ ውሃ ሲረጭበት 105 ኪሎ ይመዝናል፤ እርጥበቱም ከ14 በመቶ ያልፋል። ያ ጆንያ በመጋዘን ሲቆይ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ለ5 ኪሎ ሲባል የጭነቱ ሁሉ ዕድል ይበላሻል። መሰባበሩን የፈራ ጆንያውን በእግር ረግጦ አይሙላ፤ የተሰበረውንም ለብቻው ለወፍጮ ይስጥ።

አንድ ጆንያ ብቻ ነው የሚል ይኖራል። በኪሎ 200 ማይክሮግራም ቢ1 ያለበት አንድ ኩንታል ከ39 ፍጹም ንጹሕ ኩንታሎች ጋር ቢቀላቀል አማካዩ ልክ 5 ይመጣል። ንጹሖቹ ደግሞ ፍጹም ንጹሕ ሆነው አያውቁም። ከዚህም በላይ ከጣሪያው ያለፈን ምርት ከንጹሕ ጋር መቀላቀል በአውሮፓ ሕግ ክልክል ነው። ለውጭ ገበያ አልሆን ያለውን ዛላ ለራሳችን ድልህ ማስቀረት መፍትሔ የሚመስለው ካለ፣ የልጆቻችን ጉበት ከአውሮፓውያን ጉበት አይጠነክርም።

እዚህ አልፎ ወደብ ላይ የወደቀ ጭነት ሲያጋጥም ላብራቶሪው ዋሽቷል ይባላል። ብዙ ጊዜ የዋሸው ናሙናው ነው። መርዙ በጭነቱ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት ዛላ ሁሉንም ሊሸከም ይችላል። አውሮፓውያን ከ15 ቶን በላይ ከሆነ የተፈጨ ቅመም ከ100 ቦታ ቆንጥረው 10 ኪሎ ናሙና ያወጣሉ። እኛ ከላይኛው ጆንያ አንድ እፍኝ ወስደን ብናስመረምር ውጤቱ ስለዚያ እፍኝ ብቻ ይናገራል። ላብራቶሪው የአይኤስኦ 17025 አክሬዲቴሽን፣ ማለትም የላብራቶሪ ብቃት ዕውቅና፣ ቢኖረውም የአክሬዲቴሽን ዝርዝሩን አስወጥታችሁ እዩ፤ አፍላቶክሲን በቅመም ውስጥ መለካት ካልተጠቀሰ የሌላ ፈተና ዕውቅና ነው።

የኢትዮጵያ ቅመማ ቅመም በአፍላቶክሲን ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት ተጨማሪ ቁጥጥር የሚያደርግበት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በዚያ ለተዘረዘረ ዕቃ የምርመራ ውጤትና መንግሥታዊ ሰርተፊኬት ከጭነቱ ጋር መጓዝ አለባቸው። ዝርዝሩ በየስድስት ወሩ ስለሚከለስ ከመጫን በፊት አዲሱን ማየት ግድ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሱዳን 1 የተባለው ቀለም በበርበሬ ውስጥ ከተገኘ ወዲህ የቀለም ምርመራ ቀርቶ አያውቅም፤ ፈዛዛ በርበሬ በቀለም አይድንም። 1 ኪሎ ደረቅ ዛላ ለማግኘት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ትኩስ ስለሚያስፈልግ የፀረ ተባይ ቅሪቱም አብሮ ይጠጥራል። ክሎርፒሪፎስ የተባለውን ፀረ ተባይ አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለከለከለችው ከማሳችን ይውጣ። ኤትሊን ኦክሳይድ በተባለው ጋዝ የታጠነ ቅመም አሜሪካ በገደብ ሲቀበል አውሮፓ ይመልሳል፤ ስለዚህ ገዢው ሳይታወቅ ማጠን የለም። ለአሜሪካ የሚልክ ወፍጮ በምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ መመዝገብና እዚያ ነዋሪ የሆነ ወኪል መያዝ አለበት፤ ምዝገባው በእነሱ አቆጣጠር ቁጥሩ ተጋማሽ በሆነ ዓመት ሁሉ፣ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ይታደሳል።

ከምሳ በኋላ ሦስት ሐሳቦች ለድምፅ ይቀርባሉ፤ ጆንያው ሁሉ ቀበሌውና የደረቀበት ቀን እንዲጻፍበት፣ ከእያንዳንዱ ጭነት ተጠባባቂ ናሙና ታሽጎ እንዲቀመጥ፣ ውሃ የረጨ አባል ጭነቱ በማኅበሩ ስም እንዳይወጣ። ሦስተኛው እንደሚያከራክር አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሰዓቱ ሰፋ ተደርጎለታል። ጉባኤው ተከፍቷል።