ከፎቶው ጀርባ ጻፉለት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሐውልት ነው። መንግሥት አደባባይ ላይ ስለሚያቆመው ሳይሆን፣ ቤተሰብ ከጦር ሜዳ ላልተመለሰ ልጁ በአቅሙ ስለሚያቆመው።

ከደጀን በሉማሜ አድርጋችሁ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትጓዙ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብላችሁ የገጠር ደብር ብትሳለሙ እንዲህ ያለ ሐውልት አታጡም። በሲሚንቶ የተለሰነ፣ በብረት የታጠረ፣ ዝናብ እንዳይመታው ቆርቆሮ የተከደነ። መሐሉ ላይ መለዮ ያጠለቀ ልጅ ፎቶ አለ። ከአንዳንዱ ሥር አስከሬን የለም። ቤተሰቡም ካህናቱም ያውቃሉ፤ ነገር ግን ሰው ቆም ብሎ “ነፍስ ይማር” የሚልበት ቦታ ይፈልጋል።

እኛ ቤት ያለው የአያቴ ግድግዳ ነው። ሁለት ልጆቿ ጦር ሜዳ ቀርተውባታል። ታላቁ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ ወደቀ። ታናሹ ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት በ1991 ዓ.ም. ባድመ ግንባር ቀረ። ፎቶዎቻቸው ጎን ለጎን ተሰቅለዋል።

ይህ ጎን ለጎን መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ዳር የቆመው የሰማዕታት ሐውልት ደርግን ሲታገሉ ለወደቁት ነው። አዲስ አበባ ያለውን ትግላችን ሐውልት ደግሞ ደርግ ራሱ ነው በ1977 ዓ.ም. ያስመረቀው። ሥርዓት ሲለወጥ የሚታሰበውም ሙት ይለወጣል። አፋቤት የቀረው አጎቴ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ “የደርግ ወታደር” ተባለ እንጂ ስሙን የጠራው የለም። ከማረሻው ላይ ተነሥቶ የሄደ የገበሬ ልጅ ነበር እኮ! የአያቴ ግድግዳ ግን አንዱን ከአንዱ አላስበለጠም፤ ስለዚህ ከየትኛውም የአደባባይ ሐውልት ይልቅ እውነተኛው እሱ ይመስለኛል።

የታላቁ መርዶ የመጣው ሠራዊቱ ከተበተነ በኋላ ነው። አብሮት የነበረ የአገር ልጅ በሰኔ ከቤት ደርሶ ተናገረ። ወሩን እንጂ ቀኑን አላወቀውም። ስለዚህ እኛ ቤት የሙት ዓመቱ የሚታሰበው መርዶው በተሰማበት ቀን ነው። ጎረቤት አንዳንዴ ያርመናል፤ አያቴ ግን አትቀበልም። ልጇ በሕይወት አለ ብላ ሦስት ዓመት ስለት ስትሳል ኖራለችና።

ለልቅሶው አስከሬን ስለሌለ ልብሱ ወጣ። ሰማያዊ ሸሚዝና ዱላው አልጋ ላይ ተዘርግተው ተለቀሰ። ሸሚዙ አሁንም ሳጥን ውስጥ አለ፤ የአንገቱ ጠርዝ ተበልቶ በነጭ ክር ተሰፍቷል፤ ክሩ የእሷ እጅ ሥራ ነው።

ፎቶው ከጉርድ ፎቶ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጎላ ነው። ሲጎላ ደበዘዘ፤ ዓይኑና ቅንድቡ ብቻ ጥርት ብለው ቀሩ። ፎቶ አንሺው “መለዮ ላልብሰው?” ቢላት “ተወው፣ እንደ ወለድኩት ይሁን” አለችው። የታናሹ ግን በወታደር ልብሱ የተነሣው ነው፤ እሱ ራሱ ወዶ የላከላት ስለሆነ አልነካችውም።

አሁን ልጆቿ ተሰባስበው ለሁለቱም ሐውልት እናሠራ እያሉ ነው። ደስ ይለኛል፣ የድርሻዬንም አዋጣለሁ። የምሰጋው ጽሑፉን ነው። ብዙው ሐውልት ላይ “ለአገሩ የወደቀ ጀግና” ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ያ ቃል ለማንም ይሆናል። ታላቁ አጎቴ በሬ ሲጠምድ ማንጎራጎር ይወድ እንደነበር፣ ታናሹ ለእህቱ ደብተር መግዣ ከደመወዙ ይልክ እንደነበር ማን ይጽፋል? ይህን የሚያውቁት አርጅተዋል።

የምትሰሙኝ ሁሉ፣ ግድግዳችሁ ላይ እንዲህ ያለ ፎቶ ካለ በዚህ ሳምንት አውርዱትና ጀርባውን ተመልከቱ። ባዶ ከሆነ ጻፉበት። ሙሉ ስሙን፣ የተወለደበትን ቀበሌ፣ ክፍለ ጦሩ ከታወቀ ክፍለ ጦሩን፣ መርዶውን ማን እንዳመጣው፣ ምን ይወድ እንደነበር። እናት ካለች እሷን እየጠየቃችሁ ጻፉ፤ ሌላው ሰው የሚያውቀው ግማሹን ነው። የክርስትና ስሙንም አትዝለሉ፤ ካህኑ ፍትሐት ሲያደርጉ በጸሎት የሚያነሡት በዚያ ስም ነው፤ እኛ ቤት የታናሹን ለማግኘት የክርስትና አባቱን ፍለጋ እስከ ቢቸና ተሂዷል።