ሚሊዮንና ቢሊዮን ጎረቤት አይደሉም

እስቲ ሳታሰሉ ገምቱ። አንድ ሚሊዮን ሰከንድ ስንት ጊዜ ነው? አንድ ቢሊዮን ሰከንድስ?

ሚሊዮኑ 11 ቀን ተኩል ገደማ ነው። ቢሊዮኑ ወደ 32 ዓመት ይጠጋል።

አዎ፣ ዓመት ነው ያልኩት። ጆሯችን ግን ሁለቱንም "ብዙ" ብሎ አንድ ቦታ ያስቀምጣቸዋል። ሳይንቲስቶች መጠን ሲያወዳድሩ መጀመሪያ የሚቆጥሩት ዜሮዎቹን ነው። በአስር አንዴ ሲባዛ አንድ እርምጃ እንበለው። ከሚሊዮን እስከ ቢሊዮን ሦስት እርምጃ አለ። የፊተኛው አሃዝ 3 ይሁን 4 በኋላ ይደረስበታል፤ ዜሮ ከተሳሳታችሁ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ናችሁ።

(ስክሪኑ ላይ፦ ባክቴሪያና ቫይረስ ጎን ለጎን)

አንድ እርምጃ ትንሽ ትመስላለች አይደል? እነዚህን ሁለቱን ተመልከቱ። በዓይን ስለማይታዩ ብዙዎቻችን "ጀርም" ብለን በጅምላ እናልፋቸዋለን። ብዙ ባክቴሪያዎች 1 ማይክሮሜትር አካባቢ ናቸው፣ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ማለት ነው። ብዙ ቫይረሶች ደግሞ የዚያ አንድ አስረኛ፣ 100 ናኖሜትር ገደማ። ተራው የብርሃን ማይክሮስኮፕ አጥርቶ መለየት የሚችለው እስከ 200 ናኖሜትር አካባቢ ነው፣ ድንበሩ ልክ በሁለቱ መሃል ያልፋል። ስለዚህ ባክቴሪያን ሊዌንሆክ የሚባል ሆላንዳዊ ራሱ በሠራው ሌንስ እ.ኤ.አ. በ1670ዎቹ አየው፤ አብዛኞቹን ቫይረሶች ለማየት ግን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተፈጥሮ ለዚህ እስኪበቃ፣ እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ መጠበቅ ግድ ሆነ። ያቺ "ትንሽ" እርምጃ ከ250 ዓመት በላይ አስጠበቀች።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ (እኔንም ጨምሮ)። አስር እጥፍ ያልነው በርዝመት ነው። በይዘት ከሆነ ቁመቱም፣ ወርዱም፣ ጥልቀቱም በአስር ስለሚባዛ ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው "ይሄ ከዚያ በመቶ እጥፍ ይበልጣል" ሲላችሁ፣ በምን? ብላችሁ ጠይቁት።

(ስክሪኑ ላይ፦ ነጥብ የምታህል መሬት)

አሁን ወደ ላይ እንሂድ። መሬትን 1 ሚሊሜትር እናድርጋት። ፀሐይ 11 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፣ የምትቀመጠውም 12 ሜትር ያህል ርቃ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕሎች ሁለቱን አጠጋግተው የሚያሳዩት ወደው አይደለም፣ ገጹ አይበቃማ!

ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን ያለው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ነው። በዚሁ ልኬት የት እናስቀምጠው? ከ12 ሜትር ተነስታችሁ በአስር እያባዛችሁ ሂዱ፦ 120 ሜትር፣ 1.2 ኪሎ ሜትር፣ 12፣ 120፣ 1,200 ኪሎ ሜትር። አምስት እርምጃ ተራመዳችሁ፣ ኮከቡ ያለው ግን ከ3,000 ኪሎ ሜትር ባሻገር ነው፤ ገና ግማሹንም አልሄዳችሁም።